ሱሺ፦ ከዓሣው በፊት ሩዙ

ሱሺ በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተቀመመ ሩዝ ከዓሣ፣ ከአትክልት ወይም ከእንቁላል ጋር ተዋሕዶ የሚቀርብበት የጃፓን ምግብ ነው። ሱሺ ሲባል ብዙ ሰው ጥሬ ዓሣ ይመስለዋል። ጥሬ ዓሣ ለብቻው ተቆርጦ ሲቀርብ ግን ስሙ ሳሺሚ ነው፤ ሱሺ ለመባል የተቀመመው ሩዝ የግድ መኖር አለበት። ዓሣው ቢበስል፣ በጨው ቢታሽ፣ ጭራሽ ባይኖርም ሱሺነቱ አይቀርም። ኪያር ብቻ የተጠቀለለበት ሩዝ ሱሺ ነው፤ ከአኩሪ አተር በሚሠራው በተጠበሰ ቶፉ ከረጢት ውስጥ የታጨቀ ሩዝም ሱሺ ነው። ይህ ነገር ከመነሻው ካልተያዘ ምግቡ ከአገሩ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ እንዲህ የተወደደበትን ምክንያት ማግኘት ያስቸግራል፤ የሙያው ትልቁ ክፍል ያለው ሩዙ ላይ ነውና።

የሱሺ አጀማመር ዓሣን ከመበላሸት ለማዳን ነበር። በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ ቻይና ሩዝ የሚያርሱ ሕዝቦች ዓሣ በሚበዛበት ወራት ያገኙትን ለክፉ ቀን ለማቆየት በጨው ያሹትና ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ዕቃ ውስጥ ይጠቀጥቁት ነበር። ባክቴሪያዎች ሩዙን እያብላሉ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ፤ ሩዙ እንደ እንጀራ ሊጥ እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ ኮምጣጣነቱም ዓሣውን የሚያበሰብሱትን ተሕዋስያን ያግዳል። ከወራት በኋላ ዕቃው ሲከፈት የሚበላው ዓሣው ብቻ ነው። ላሽቆ ገንፎ የመሰለው ሩዝ ይጣላል። ዘዴው ወደ ጃፓን የገባው ከእርሻው ጋር እንደሆነ ይታመናል። በ718 በተዘጋጀው የዮሮ ሕግ ሱሺ ለመንግሥት በግብርነት ከሚገቡ ነገሮች መካከል ተቆጥሮ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የጥንቱ ሱሺ ዛሬም አልጠፋም። ከኪዮቶ በስተምሥራቅ ባለው በቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ፉናዙሺ የሚባል ዓይነት ይዘጋጃል። ኒጎሮቡና የተባለው የሐይቁ ዓሣ በጸደይ ከነእንቁላሉ ይጠመዳል። ቅርፊቱ ይገፈፋል፤ የሆድ ዕቃው እንቁላሉ ሳይነካ በስንጥቡ በኩል ይወጣል፤ ከዚያ ለወራት በጨው ይቀመጣል። ጨው የጠገበው ዓሣ ታጥቦ ከሩዝ ጋር በበርሜል ይደረደርና ከላይ ድንጋይ ይጫነዋል። ለመብላት የሚደርሰው ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ከጃፓናውያንም መካከል የማይደፍረው ብዙ ነው። የዛሬውን ሱሺ የሚወድ ሰው ከዚህኛው ጋር ቢገናኝ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል።

ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ የጃፓን ሰዎች መጠበቁ ሰለቻቸው። ዓሣው ገና በግማሽ እንደተብላላ፣ ሩዙም ሳይላሽቅ ዕቃውን እየከፈቱ ሁለቱንም አብረው መብላት ያዙ። በምግቡ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ማቆያ ብቻ የነበረው ሩዝ ምግብ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀረው፣ ባክቴሪያ በወራት የሚሰጠውን ኮምጣጣነት ከሌላ ቦታ ማምጣት ነበር፤ ሩዙ ላይ አቼቶ ማፍሰስ ተጀመረ። በ1804 ናካኖ ማታዛኤሞን የተባለ፣ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የሚጠምቅ ሰው ዛሬ ሃንዳ በምትባለው ከተማ ከሳኬ አተላ አቼቶ መሥራት ጀመረ። ቀላ ያለውና ዋጋው የማይከብደው ይህ አቼቶ በመርከብ ወደ ኤዶ ይጓዝ ነበር። እሱ ያቋቋመው ድርጅት ሚዝካን በሚል ስም ዛሬም ይሠራል።

ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን በየአገራቸው ትተው የመጡ ወንዶች ነበሩ፤ የቀን ሠራተኞች፣ አናጢዎች፣ የመሳፍንት ተከታይ ወታደሮች። በእንጨት የተሠሩት ቤቶቿ በእሳት አደጋ ተደጋግመው ስለሚወድሙ ጉልቻ ጎልቶ ማብሰል ለሁሉም አይመችም። በየመንገዱ ዳር ቆሞ የሚበላ ምግብ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። በ1820ዎቹ ሃናያ ዮሄይ (1799–1858) የተባለ ነጋዴ በርዮጎኩ ሰፈር ሩዙን በእጁ ጨበጥ እያደረገ፣ የሚያቃጥለውን ዋሳቢ እየቀባ፣ ዓሣ እየደረበ ወዲያው መሸጥ ጀመረ። ፈጣሪው እሱ ብቻ መሆኑ ቢያከራክርም ኒጊሪ የተባለውን ይህን ሱሺ ታዋቂ ያደረገው እሱ ነው። ያኔ አንዱ ኒጊሪ ከዛሬው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር፤ ሁለት ሦስት የበላ ሠራተኛ ጠግቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ አንዳንዱ ሱሺ ቤት ከዋጋ ማናር ብዛት መንግሥትን አስቆጣ፤ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ቅንጦትን የሚከለክል አዋጅ ሲወጣ እጃቸው በሰንሰለት ከታሰረ ሱሺ ሻጮች መካከል ዮሄይም እንደነበረ ተመዝግቧል።

በረዶ ባልነበረበት ዘመን ኤዶዎች ከፊታቸው ካለው የባሕር ወሽመጥ የሚወጣውን ዓሣ እንዳለ ጥሬውን አይሸጡትም ነበር። ቱናው በአኩሪ አተር ሶስ ይዘፈዘፋል፤ ትናንሾቹ ዓሦች በጨው ከታሹ በኋላ አቼቶ ይጠጣሉ፤ ሽሪምፑ ይቀቀላል፤ እባብ የሚመስለው አናጎ በጣፋጭ መረቅ ቀስ ብሎ ይበስላል። እንግዲህ ሱሺ ማለት ከባሕር እንደወጣ የተቆረጠ ጥሬ ዓሣ ነው የሚለው አስተሳሰብ የፍሪጅ ዘመን ልጅ ነው። የድሮውን የኤዶ ሥርዓት የያዙ ሱሺ ቤቶች እስከ ዛሬ ዓሣውን የሚያሹት፣ የሚዘፈዝፉትና የሚያሳድሩት አማራጭ አጥተው ሳይሆን ጣዕሙ ስለሚያድግ ነው። ለዚህ ጉዳይ ሳይንሱ የሚሰጠው ምስክርነት ከታች ይመጣል።

ኒጊሪን ከቶኪዮ አውጥተው ለመላው ጃፓን ያደረሱት ሁለት መከራዎች ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1923 የደረሰው ታላቁ የካንቶ መሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ሲያወድም ሥራ ያጡ ሱሺ ሠሪዎች ወደየትውልድ አገራቸው ተበተኑ፤ ሙያውንም ይዘው ሄዱ። ሁለተኛው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ረሃብ ነው። በ1947 መንግሥት እህል ለመቆጠብ ምግብ ቤቶችን ዘጋ። የቶኪዮ ሱሺ ሻጮች ግን መላ አላጡም። ደንበኛው አንድ ጎ ሩዝ፣ ማለትም 150 ግራም ገደማ፣ ከቤቱ ያመጣል፤ እነሱ አሥር ፍሬ ሱሺ አድርገው ይመልሱለታል፤ የሚያስከፍሉት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። መንግሥትም ይህን ፈቀደ፤ አሠራሩ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገራት ተዛመተ፤ የኒጊሪው መጠንም አንድ ጉርሻ ወደሚያህለው ወደ ዛሬው ልክ አዘነበለ።

አሁን ወደ ሩዙ። ለሱሺ የሚሆነው ፍሬው አጭርና ድብልብል የሆነ የጃፓን ዓይነት ሩዝ ነው፤ ኮሺሂካሪ የተባለው ዝርያ በሰፊው ይታወቃል። ረጅሙ ባስማቲ ሲበስል ፍሬ በፍሬ ይለያያል፤ በውስጡ አሚሎስ የተባለው የስታርች ዓይነት ስለሚበዛ ነው። በአጭሩ ሩዝ አሚሎሱ አነስተኛ ነው፤ ፍሬዎቹ ቅርጻቸውን ሳያጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሩዙ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል፣ ጥቂት ይዘፈዘፋል፣ ከተለመደው ውኃ ቀነስ ተደርጎለት ይበስላል፤ የጎደለውን የሚሞላው አቼቶው ነው። ትኩስ እንዳለ ሃንጊሪ ወደሚባል ሰፊና ጠፍጣፋ የእንጨት ገንዳ ይገለበጣል። ስኳርና ጨው የሟሟበት አቼቶ ይረጭበታል፤ በእንጨት ጭልፋ እየተቆራረጠ እንዳይፈጭ ቀስ ተደርጎ ይገላበጣል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ደግሞ በማራገቢያ ያናፍሰዋል። እንጨቱ ትርፉን እርጥበት ይጠጣል፤ ነፋሱ የፍሬውን ገጽ ያደርቅና ወዝ ይሰጠዋል።

ሩዙ የሚቀርበው በፍሪጅ ቀዝቅዞ ሳይሆን የሰው ገላ ያህል ለብ ብሎ ነው። ጨባጩ 20 ግራም የማይሞላ ሩዝ በቀኝ እጁ ያነሳል፤ በግራው ዓሣውን ይዞ በጥቂት እንቅስቃሴ ያጋጥማቸዋል። አጨባበጡ ላይ ነው እንግዲህ ጌታና ሎሌ የሚለየው። ጉርሻው ሲነሳ እንዳይፈርስ ከውጭ የተያዘ፣ አፍ ሲገባ ደግሞ ፍሬዎቹ ወዲያው እንዲበተኑ ከውስጥ አየር የያዘ መሆን አለበት። ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ ለማንም ይቻላል። በጃፓን ሩዝ ማብሰል ሦስት ዓመት፣ መጨበጥ ስምንት ዓመት ይፈጃል የሚል የቆየ አባባል አለ። ዛሬ ሙያውን በጥቂት ወራት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ አባባሉ የጌቶች ማስፈራሪያ ነው የሚሉ አልጠፉም፤ ሱዙሞ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ሩዝ የሚጨብጥ ማሽን ይሸጣል። ማሽኑ በርካሽ ምግብ ቤቶች በደንብ ያገለግላል። ከጥሩ እጅ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ለጀማሪም ቢሆን ይታወቃል።

የዚህች ትንሽ ጉርሻ ጣዕም ከብዛቷ በላይ የሚገንበት ምክንያት አለ። በ1908 በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ኪኩናኤ ኢኬዳ ኮምቡ ከተባለው የባሕር አልጌ ግሉታሜትን ለይቶ አወጣና ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከጨዋማና ከመራራ ሌላ አምስተኛ ጣዕም እንዳለ አስታወቀ፤ ኡማሚ አለው። የሥጋ መረቅ፣ የቆየ አይብ፣ የበሰለ ቲማቲም ምላስ ላይ የሚተዉት ጥልቅ ጣዕም ማለት ነው። በ1913 ሺንታሮ ኮዳማ ኢኖሲኔት የተባለውን ሌላ የኡማሚ ምንጭ ከደረቀ ዓሣ አገኘ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አኪራ ኩኒናካ የደረሰበት ነገር ደግሞ ሁለቱን ያገናኛል፤ ግሉታሜትና ኢኖሲኔት በአንድነት ሲቀመሱ ጣዕማቸው ተደምሮ ብቻ አይቀርም፣ ተባዝቶ ይሰማል። ሱሺ ላይ ያለው ይኸው ነው። የአኩሪ አተር ሶሱና ኖሪ የተባለው የባሕር አልጌ መጠቅለያ ግሉታሜት ያመጣሉ፤ ዓሣው ኢኖሲኔቱን ይዞ ይመጣል። ዓሣው ከሞተ በኋላ ጡንቻው ውስጥ ኃይል ያከማቸው ኤቲፒ የተባለው ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ወደ ኢኖሲኔት ይለወጣል። ስለዚህ በትክክለኛ ቅዝቃዜ ጥቂት ያደረ ዓሣ አሁን ከታረደው ይልቅ ይጣፍጣል፤ የኤዶዎቹ ማሳደር የሚደገፈው በዚህ ነው።

የዓሣ ሥጋ ሳይበስል መበላት መቻሉም ከተፈጥሮው የመጣ ነው። የየብስ እንስሳ ክብደቱን በእግሩ ስለሚሸከም ጡንቻው በጅማት የተተበተበ ነው። ዓሣን ግን ውኃው ይሸከመዋል። በሥጋው ውስጥ ያለው ማያያዣ ቃጫ ጥቂትና ስስ ስለሆነ ጥሬው ለጥርስ አያስቸግርም። በዚህ ላይ አቼቶው ስቡን ይቆርጣል፣ ስኳሩ አቼቶውን ያለዝባል፣ ዋሳቢው አፍንጫ ድረስ ይወጣና ወዲያው ይጠፋል፣ ለብ ያለው ሩዝ የቀዘቀዘውን የዓሣ ስብ ያሟሟል። በሁለት ጉርሻ መካከል የሚበላው ጋሪ የተባለ በአቼቶ የተቀመመ ዝንጅብል ምላስን አጥቦ ለሚቀጥለው ያዘጋጃል። አንድ ሳህን ሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ የሚበላ ሰው ከግማሽ በኋላ የሚበላው በልማድ ነው። ሱሺ የሚበላ ሰው ግን በየጉርሻው አዲስ ዓሣ ስለሚያገኝ አይሰለችም። ለተወዳጅነቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ይመስላል።

ሱሺ የሚጠቀለልበት ጥቁር ስስ ቅጠል፣ ኖሪ፣ የራሱ ታሪክ አለው። ከባሕር አልጌ እየተፈጨ እንደ ወረቀት ተዘርግቶ የሚደርቅ ነው። ጃፓኖች ለዘመናት ቢያመርቱትም ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። በበጋ ይጠፋል፤ በልግ አልፎ ቅዝቃዜ ሲገባ ባሕር ውስጥ በተተከሉ እንጨቶች ላይ ይበቅላል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ እንደጠፋ ይቀራል። ምሥጢሩን የፈታችው ጃፓንን አይታ የማታውቅ እንግሊዛዊት ናት። የማንችስተር ዩኒቨርሲቲዋ ካትሊን ድሩ ቤከር በ1949 ባሳተመችው አጭር ጽሑፍ አልጌው በበጋ ወራት በባሕር ቀንድ አውጣና በመሰሎቹ ቅርፊት ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ እንደሚኖር አሳየች። የጃፓን ተመራማሪዎች በዚህ ተመርተው ዘሩን በቅርፊት ላይ ማራባትና በመረብ ላይ መዝራት ቻሉ፤ ኖሪ በዕድል የሚገኝ መሆኑ ቀረና አዝመራ ሆነ። አምራቾቹ በኩማሞቶ ክፍለ ሀገር በኡቶ ከተማ ሐውልት አቁመውላታል፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 14 ቀን ያስቧታል።

ዋሳቢ ደግሞ በተራራ ላይ ቀዝቃዛ ምንጭ ዳር የሚበቅል፣ ለመድረስ ከዓመት በላይ የሚፈጅ ተክል ነው፤ ሺዙኦካ በዚህ ትታወቃለች። የማቃጠል ኃይሉ የሚወጣው ግንዱ ሲፈቀፈቅ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፤ ስለዚህ ተፈቅፍቆ ወዲያው ይበላል። ዋጋው ከባድ ነው። ከጃፓን ውጭ በሳህን ጥግ ተድቦልቡሎ የሚቀርበው አረንጓዴ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሆርስራዲሽ የተባለ የአውሮፓ ሥር፣ ሰናፍጭና ቀለም ነው።

ከኒጊሪ ሌላ ያሉት ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ማኪ በኖሪ ተጠቅልሎ የሚቆራረጠው ነው። ጉንካን በ1941 በቶኪዮ ጊንዛ በሚገኘው ኪዩቤይ ሱሺ ቤት የተፈጠረ ነው፤ እንደ ዓሣ እንቁላል ያለው የሚፈስ ነገር እንዳይወርድ ሩዙ ዙሪያውን በኖሪ ይከበባል። ቺራሺ ሩዙ በሳህን ተደርጎ ዓሣው ከላይ የሚበተንበት ነው፤ ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚቀለውም እሱ ነው። ኦሳካ ደግሞ በእንጨት ሣጥን እየተጨመቀ በሚሠራው ኦሺዙሺ ትኮራለች።

ሱሺን ከውድ ምግብነት ወደ ሕዝብ ማዕድ መልሶ ያወረደው ኦሳካ አካባቢ ይሠራ የነበረ ዮሺያኪ ሺራኢሺ የተባለ ነጋዴ ነው። ደንበኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ረዳቶቹ ደግሞ ጥቂቶች ነበሩ። በቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ሲጓዙ አየና ሳህኖችም እንዲሁ ቢጓዙስ ብሎ አሰበ። ዓመታት ከለፋበት በኋላ በ1958 የመጀመሪያውን ተሽከርካሪ ሱሺ ቤት ከፈተ። ያስቸገረው ፍጥነቱን መወሰን ነበር፤ ከዘገየ ደንበኛው ይሰለቻል፣ ከፈጠነ ሳህኑ ያመልጠዋል፤ ዓሣውም በነፋሱ ይደርቃል። በሴኮንድ 8 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ። በ1970 በኦሳካ በተካሄደው የዓለም ኤክስፖ ከታየ በኋላ አሠራሩ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። በ2023 አንድ ወጣት የጋራ ዕቃ ሲልስ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተሰራጨ ወዲህ ግን ብዙ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች ሳህን ማዞሩን ትተው በስክሪን የታዘዘውን ብቻ በቀበቶ ወደ ደንበኛው ይልካሉ።

ሱሺ ወደ ውጭ አገር የወጣው በሎስ አንጀለስ በኩል ነው። በ1960ዎቹ በከተማዋ የጃፓኖች ሰፈር በካዋፉኩ ምግብ ቤት የሱሺ ባንኮኒ ተከፈተ። ቶኪዮ ካይካን በተባለው ሌላ ምግብ ቤት የሚሠራው ኢቺሮ ማሺታ ደግሞ ሰቡን የቱና ሥጋ እንደልብ ባያገኝ አቮካዶን ከሸርጣን ጋር ጠቀለለ፤ የካሊፎርኒያ ጥቅል በዚህ ተጀመረ ይባላል። በካናዳ ቫንኩቨር ያለው ሂዴካዙ ቶጆም የእኔ ሥራ ነው ይላል። ጥቁሩ ኖሪ ለአሜሪካውያን ዓይን እንግዳ ስለሆነ ወደ ውስጥ ተደብቆ ሩዙ ወደ ውጭ ወጣ። የጃፓን ወግ አጥባቂዎች በዚህ ጥቅል ያሾፋሉ። ብዙ የውጭ አገር ሰው ሱሺን ያወቀው ግን በእሱ ነው፤ ምግቡ በየዘመኑ ሲለወጥ ስለኖረም ቅሬታው ሚዛን አይደፋም።

የሳልመን ነገር ደግሞ ያስገርማል። ብርቱካናማው የሳልመን ኒጊሪ ዛሬ በጃፓን ተሽከርካሪ ሱሺ ቤቶች ከሚወደዱት ግንባር ቀደሙ ነው፤ ከ1980ዎቹ በፊት ግን ጃፓኖች ሳልመንን ጥሬውን አይበሉም ነበር። የፓስፊኩ ሳልመን ጥገኛ ትል ስለሚይዝ ይጠበሳል ወይም በጨው ይታሻል። ሐሳቡን ያስለወጠችው ኖርዌይ ናት። በባሕር ላይ በመረብ አጥር የምታረባው ሳልመን ገበያ አጥቶ ሲከማች በ1980ዎቹ አጋማሽ ፕሮጀክት ጃፓን የተባለ ዘመቻ ጀመረች፤ ዓሣዋ በተመረተ መኖ ስለሚያድግ ለጥሬ እንደሚሆን ለማሳመን ዓመታት ፈጀባት። በ1992 ኒቺሬይ ከተባለው የጃፓን ኩባንያ ጋር የ5,000 ቶን ውል ከተፈረመ በኋላ ነገሩ ተቀየረ።

ቱናም ዕድሉ ተገልብጧል። ዛሬ ቶሮ የሚባለው ሰቡ የሆድ ሥጋ በኤዶ ዘመን ድመት እንኳ ተሻግሮት ያልፋል እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ስቡም ሶሱን አያስገባም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማቀዝቀዣ ሲስፋፋና ሰዉ ሰብ ያለ ሥጋ ሲለምድ ውድ ሆነ። በ1972 ከካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የተጠመዱ ብሉፊን ቱናዎች በአውሮፕላን ቶኪዮ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓሣ ገበያ ዓለም አቀፍ ነው። በ2019 መጀመሪያ፣ ከጽኪጂ ወደ ቶዮሱ ከተዛወረ ሦስት ወር ባልሞላው የቶኪዮ ዓሣ ገበያ፣ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ብሉፊን በ333.6 ሚሊዮን የን ተሽጧል። ይህ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ ስለሆነ ዋጋው ከግማሽ በላይ ማስታወቂያ ነው። ያም ሆኖ እንዲህ የሚፈለግ ዓሣ መመንመኑ አልቀረም። በ2010 በዶሃ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የአትላንቲኩን ብሉፊን ንግድ ለማገድ የቀረበው ሐሳብ በድምፅ ወደቀ፤ የማጥመጃ ኮታው ከተጠበቀ በኋላ ግን ዓሣው አገገመ፣ በ2021 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣ። ኪንዳይ የተባለው የጃፓን ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመት ሙከራ በኋላ በ2002 ብሉፊንን ከእንቁላል እስከ እንቁላል በእርባታ ማሳደግ ችሏል።

ጥሬነቱ የሚያሰጋው አንባቢ ስጋቱ መሠረት አለው። የባሕር ዓሦች አኒሳኪስ የተባለ ትል ሊይዙ ይችላሉ፤ ዓይን ሁልጊዜ አያገኘውም፤ አቼቶም ዋሳቢም አይገድለውም። የሚገድለው ማብሰል ወይም በደንብ ማቀዝቀዝ ነው። የአሜሪካ ደንብ ጥሬ የሚበላ ዓሣ፣ ከአንዳንድ ዓይነቶች በቀር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን እንዲቆይ ይጠይቃል፤ ተራ የቤት ፍሪጅ ለዚህ አይበቃም። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጉበትና አንጀት ውስጥ የሚያድጉ ትሎች የሚመጡት ከእሱ ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ቆሮሶ በዳጣ መብላት የለመደ ሰው ሱሺም ያው ነው ቢል ልክ አይሆንም። የሱሺ ዓሣ በአብዛኛው የባሕር ነው፤ ከጠማጁ እስከ ባንኮኒው በቅዝቃዜ ይጠበቃል። ነፍሰ ጡሮች ከጥሬው እንዲቆጠቡ፣ ሜርኩሪ የሚጠራቀምባቸውን እንደ ብሉፊን ያሉ ትልልቅ ዓሦችም እንዲያሳንሱ ይመከራሉ።

ለአማርኛ አንባቢ ሌላም የሚታይ ጉዳይ አለ። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት የማይበላ የኦርቶዶክስ ምእመን ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ኦክቶፐስና አናጎን ትቶ ቱናና ሳልመን ማዘዝ ይችላል፤ በእስራኤል ያሉት ኮሸር ሱሺ ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ሲሆን ሸርጣኑን ከዓሣ በተሠራ ምትክ ይተኩታል። ሙስሊም ተመጋቢ ሩዙ ወይም መረቁ ውስጥ ሳኬ አልያም ሚሪን የተባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ መግባት አለመግባቱን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ለጾመኛ የኪያር፣ የአቮካዶና የኮመጠጠ ፍጁል ጥቅል አለ። ከአትክልት ብቻ የተሠራ የሚመስለው የቶፉ ከረጢት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበስለው በደረቀ ዓሣ መረቅ ነው፤ በቅመም ሶሶቹም ውስጥ ማዮኔዝ፣ ማለትም እንቁላል አለ።

አበላሉ ከሚታሰበው ይቀልላል። ኒጊሪን በእጅ መብላት በጃፓንም ነውር የለበትም፤ የመንገድ ዳር ምግብ ሆኖ ሲጀምር እንዲሁ ነበር የሚበላው። ሶሱ የሚነካው ዓሣው ነው፤ ሩዙ ከተነከረ ይጠጣና ይፈርሳል፣ የተደከመበትም ቅመም በጨው ይሸፈናል። ጉርሻው አይገመስም፣ በአንዴ ይገባል። ከቀላሉ ነጭ ዓሣ ጀምሮ ወደ ሰቡ መሄድ ይሻላል፤ ሰቡ ከቀደመ የነጩ ጣዕም አይሰማም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው የበሰለ ሽሪምፕ፣ የእንቁላል ጥቅል ወይም ኪያር ቢያዝ ማንም አይታዘበውም፤ የእንቁላሉ ጥቅል እንዲያውም የቤቱ ሙያ የሚፈተንበት ነው።

የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥ ግን አይመከርም። ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር የሩዙ ስታርች ይጠነክራል፣ ፍሬውም ይደርቃል፤ ውጭ ካደረ ደግሞ ዓሣው ይበላሻል። ሱሺ በተሠራበት ቀን፣ ሲሆን ሲሆን በተሠራበት ሰዓት መበላት አለበት።